«ሜሪላንድ ፈቅዳለች እኮ»፦ ስለ ካናቢስ ስንከራከር ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ያለን ሐበሾች ስለ ካናቢስ (ማሪዋና) መከራከር አይሰለቸንም። ቡና ላይ ይነሳል፣ ታክሲ ተራ ይነሳል። አንዱ «የሰይጣን ዕፅ ነው» ይላል። ሌላው «ከአረቄ በስንት ጣዕሙ» ይላል። ይፈቀድ አይፈቀድ የሚለውን ሁሉም በየአቋሙ ይያዘው። እኔን የሚያሳስበኝ በክርክሩ መሀል የሚደጋገሙት ስህተቶች ናቸው። ግሪን ካርድ፣ መንጃ ፈቃድና እንጀራ ያሳጣሉ።

«ሜሪላንድ ፈቅዳለች፤ በቃ»

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። አሜሪካ ውስጥ የግዛት ሕግና የፌዴራል ሕግ ጎን ለጎን ይሠራሉ። ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ2022 በሕዝብ ድምፅ ወስና፣ ከጁላይ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ዕድሜው 21 የሞላ ሰው እስከ አንድ ተኩል አውንስ እንዲይዝ ፈቅዳለች። በፌዴራል ሕግ ግን ካናቢስ ከ1970 ጀምሮ ቁጥጥር በሚደረግባቸው ዕፆች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ያውም ሲመዘገብ ከሄሮይን ጋር በአንደኛው፣ በጥብቁ ምድብ ነበር። በ2024 የፍትሕ ሚኒስቴር ወደ ሦስተኛው ምድብ ዝቅ ይበል የሚል ሐሳብ ሲያቀርብ ብዙ ሰው «ተፈቀደ» ብሎ አወራ። ሦስተኛ ምድብ ማለት ቁጥጥሩ ቀረ ማለት አይደለም።

ኢሚግሬሽን ደግሞ የሚሠራው በፌዴራል ሕግ ነው። ዩኤስሲአይኤስ (የፌዴራሉ የዜግነትና የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት) በኤፕሪል 2019 ያወጣው መመሪያ ግልጽ ነበር። ግዛቱ ቢፈቅድም እንኳ ከካናቢስ ጋር የተያያዘ ድርጊት ለዜግነት የሚጠየቀውን «መልካም ሥነ ምግባር» ሊያሳጣ ይችላል።

የዜግነት ኢንተርቪው ላይ ነገሩ እንዴት እንደሚመጣ እዩት። አመልካቹ ቀኝ እጁን አንስቶ ይምላል። መኮንኑ ቅጹን እየገለጠ ይጠይቃል። «ታስረው ያውቃሉ?» አላውቅም። «ሳይያዙ የፈጸሙት ወንጀልስ አለ?» የለም። «ማሪዋና ተጠቅመው ያውቃሉ?» «አዎ፣ አልፎ አልፎ። ዲሲ ተፈቅዶ የለ?» ሰውየው ምንም አልደበቀም። ጥፋት ማመኑም አይታወቀውም። ነገር ግን ሳይከሰስ፣ ዳኛ ፊት ሳይቆም፣ የፌዴራል ወንጀል እንዳመነ ሊቆጠርበት ይችላል። ሕጉ አንድ ጊዜ ብቻ ለተፈጸመ፣ ከ30 ግራም ላልበለጠ ይዞታ የተወሰነ ከለላ ይሰጣል። «አልፎ አልፎ» ያለ ሰው ግን ያንን በር በገዛ አፉ ዘጋው።

ታዲያ ይዋሽ? በፍጹም! ምሎ መዋሸት ከካናቢሱ የባሰ ጣጣ ያመጣል። ዜጋ እስክትሆኑ ድረስ ጨርሶ አትንኩት። የነካ ሰው ደግሞ ቅጹን ከመሙላቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር። ከአገር ከመውጣቱ በፊትም እንደዚያው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ለዘመድ ሠርግ አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ ዱለስ ኤርፖርት ላይ ሊጠየቅ ይችላል። ስልኩም ሊፈተሽ ይችላል፤ ከጓደኞች ጋር የተነሳው ፎቶም እዚያው ነው።

«እኔ አላጨስም፤ እሠራለሁ እንጂ»

ዲስፔንሰሪ (ካናቢስ በግዛት ፈቃድ የሚሸጥበት ሱቅ) ውስጥ ካሸር ወይም ጥበቃ ሆኖ መሥራት ንጹሕ ሥራ ይመስላል። ግብር ይቆረጣል፣ ቼክ ይመጣል። ግን የ2019ኙ መመሪያ ሥራውንም ይነካል። በዚያው ዓመት ኮሎራዶ ግዛት፣ ዴንቨር ውስጥ በዚህ ዘርፍ በመሥራታቸው ዜግነት የተከለከሉ ሕጋዊ ነዋሪዎች ነበሩ። የከተማዋ ከንቲባ ማይክል ሃንኮክ ጉዳዩን ለፌዴራሉ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በደብዳቤ እስከማቅረብ ደርሰዋል። ዴንቨርና ኦሮራ ስንት ሐበሻ እንዳለ ለምታውቁ፣ ይሄ የሩቅ ወሬ አይደለም።

«ሲቢዲ ነው፣ ችግር የለውም»

ይሄኛው ለትራክ ሹፌሮቻችን ነው። ሲቢዲ ከካናቢስ ተክል የሚወጣ፣ የማያሰክር ንጥረ ነገር ነው። ሲዲኤል (የንግድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ያለው ሹፌር የሚመረመረው በፌዴራል ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ደንብ ነው። ምርመራው የሚፈልገው ቲኤችሲን፣ ማለትም የሚያሰክረውን የካናቢስ ንጥረ ነገር ነው፤ በየትኛው ግዛት አጨስክ ብሎ አይጠይቅም። ለወገብ ሕመም ተብሎ የተገዛ የሲቢዲ ዘይት ጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው በላይ ቲኤችሲ ሊኖረው ይችላል። «ሲቢዲ ነው የወሰድኩት» የሚለው ምክንያት ደግሞ ተቀባይነት የለውም። ቲኤችሲ ሰውነት ውስጥ ለቀናት፣ አዘውትሮ በሚጠቀም ሰው ላይ ለሳምንታት ይቆያል። ውጤቱ ክሊሪንግሃውስ በሚባለው የፌዴራል መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ከኖቬምበር 2024 ጀምሮ ደግሞ እዚያ የታገደ ሹፌር ወደ ሥራ መመለሻ ሂደቱን እስኪጨርስ፣ ግዛቱ ሲዲኤሉን ሊያነሳበት ይገደዳል። የትራኩ ወርሃዊ ክፍያ ግን አይቆምለትም።

«ዲሲ፣ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ ያው ናቸው»

አይደሉም። ዲሲ በ2014 በሕዝብ ድምፅ ያጸደቀው ሕግ ሁለት አውንስ መያዝና ያለ ገንዘብ አንድ አውንስ መስጠትን ይፈቅዳል። ከሕክምና ውጪ ያለ ሽያጭ ግን የለም፤ ኮንግረስ በየዓመቱ በጀት ላይ እያሰረ ይከለክለዋል። ቨርጂኒያ ከጁላይ 2021 ጀምሮ አንድ አውንስ ትፈቅዳለች። ናሽናል ሞልና ሮክ ክሪክ ፓርክ ደግሞ የፌዴራል መሬት ናቸው፤ እዚያ መያዝ በራሱ ወንጀል ነው። በመንግሥት ድጎማ ቤት የሚኖርም የፌዴራል ደንብ ይመለከተዋል።

«ከተፈቀደማ አይጎዳም»

ሕግ የፈቀደው ሁሉ ጤና አይሆንም። የአሜሪካ ብሔራዊ አካዳሚዎች በ2017 ባወጡት ሰፊ ግምገማ ሁለቱንም ጎን አስቀምጠዋል። ሥር በሰደደ ሕመም ለሚሠቃዩ ዐዋቂዎችና በኬሞቴራፒ ለሚያስመልሳቸው ሕሙማን እንደሚጠቅም ጠንካራ ማስረጃ አለ። አዘውትሮ መጠቀም ስኪዞፍሬንያን ከመሰለ የአእምሮ ሕመም ጋር እንደሚያያዝም እንዲሁ። «መድኃኒት ነው» የሚለውም «መርዝ ነው» የሚለውም ግማሹን ብቻ ነው የሚያነበው። ቤታችሁ ልጆች ካሉ ከረሜላና ኬክ መስሎ የሚሸጠውን ተጠንቀቁ። ከተበላ በኋላ እስኪሰማ አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። «ምንም አላደረገኝም» ብሎ የደገመው ሰው ድንገተኛ ክፍል የሚደርሰው ለዚህ ነው።

«የዱርዬ ጉዳይ ነው፣ እኛን አይመለከትም»

ይሄ አባባል በጣም ያሳዝነኛል። የአሜሪካ ሲቪል ነፃነቶች ኅብረት በ2013 ባወጣው ጥናት፣ ጥቁርና ነጭ አሜሪካውያን ካናቢስ የሚጠቀሙበት መጠን ተቀራራቢ ሆኖ ሳለ ጥቁሮች በዚሁ የመታሰር ዕድላቸው ከሦስት እጥፍ ተኩል በላይ ነበር። ፖሊስ ልጃችንን ሲያስቆም የማን ልጅ ነህ ብሎ አይደለም። ፕሬዚዳንት ባይደን በኦክቶበር 2022 በፌዴራል ሕግ ካናቢስ በመያዝ የተፈረደባቸውን ሲምሩ፣ ምሕረቱ ዜጎችንና ግሪን ካርድ ያላቸውን ብቻ አካትቷል። ጥገኝነት ጠይቆ የሚጠብቀው ወንድማችን ውጪ ቀረ። ስለዚህ «ይፈቀድ» የምትሉ፣ ድምፃችሁን ሊጠይቅ የሚመጣውን የኮንግረስ ዕጩ ስለ ዲስፔንሰሪ ብቻ አትጠይቁት። የኢሚግሬሽን ሕጉን አብሮ ሊቀይር አስቦ እንደሆነ አፋጡት። «አይፈቀድ» የምትሉም ብትሆኑ፣ በአንድ ሲጋራ ሰበብ እናት ከልጆቿ ትለይ የምትሉ አይመስለኝም።