በጀልባ ላይ የፕሮፔን ጋዝ ፍሳሽን ስለ መፈተሽ

ፕሮፔን ከአየር 1.5 ጊዜ ያህል ስለሚከብድ፣ በጀልባ ውስጥ ሲያፈተልክ ወደ ታችኛው ወለል ወርዶ ይጠራቀማል፤ ስለዚህ ፍተሻው ለነገ የሚባል አይደለም። በመጀመሪያ የምድጃውን ማብሪያዎች ሁሉ ዘግተው የሲሊንደሩን ቫልቭ ይክፈቱ፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራ መዝጊያ ካለም በፍተሻው ሁሉ ክፍት ይቆይ። ከሬጉሌተሩ (የጋዙን ግፊት ከሚቀንሰው ዕቃ) በፊት የተገጠመው የግፊት መለኪያ የሚያሳየውን ቁጥር ከመዘገቡ በኋላ የሲሊንደሩን ቫልቭ ብቻ ዘግተው 15 ደቂቃ ይጠብቁ። ቀስቱ ትንሽ እንኳ ከወረደ ጋዙ የሚያመልጥበት ቦታ አለ፤ ያን ጊዜ ቫልቩን መልሰው ከፍተው በየማያያዣው ላይ የሳሙና ውሃ በብሩሽ ይቀቡ። ፍሳሹ አነስተኛ ሲሆን አረፋው እንደ ሰናፍጭ ቅንጣት እየደቀቀ ስለሚወጣ፣ በባትሪ መብራት ቀርቦ በትዕግሥት ማየት ያስፈልጋል። አሞኒያ ያለበት ማጽጃ የናስ ማያያዣዎችን ስለሚያሰነጥቅ አይጠቀሙበት፤ በክብሪት መፈተሽማ ጨርሶ የማይታሰብ ነው። የላላውን አጥብቀው ወይም የተበላሸውን ለውጠው የግፊት ፍተሻውን እንደገና ይጀምሩ።