ዋይፋያችሁ ቶሎ ቶሎ ለሚቆራረጥባችሁ

ሰላም ቤተሰብ፣ ላፕቶፓችሁ ላይ ዋይፋይ እየቆየ የሚጠፋባችሁ ካላችሁ ራውተር ከመቀየራችሁ በፊት የኔትወርክ ካርዱን ድራይቨር (ዋይፋይ የሚቀበለውን ካርድ ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባውን ሶፍትዌር) እዩት። እኔ እዚህ ቱሉ ዲምቱ ሳምንቱን ሙሉ ሰፈሩ ላይ ኔትወርክ የለም ብዬ ስበሳጭ ከረምኩ፣ ለካ ስልኬ ላይ እኮ በደንብ ይሰራል!

ዊንዶውስ ላይ ዲቫይስ ማናጀር (የኮምፒውተሩ ዕቃዎች ዝርዝር ያለበት) ገብታችሁ ኔትወርክ አዳፕተርስ የሚለው ስር የካርዱን ስም እዩና አዲሱን ድራይቨር ከላፕቶፑ አምራች ሳይት ብቻ አውርዱ፣ ዋይፋዩ ጭራሽ እምቢ ካለ ስልካችሁን በኬብል ሰክታችሁ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ (የስልኩን ኢንተርኔት ለላፕቶፑ የሚያጋራውን) አብሩና በሱ አውርዱት። ከአፕዴት በኋላ ከባሰበት የካርዱ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ድራይቨር የሚለው ላይ ሮል ባክ አለ፣ ወደ ድሮው ይመልሰዋል። እዚያው ፓወር ማኔጅመንት የሚል ካለ ደግሞ የመጀመሪያውን ምልክት አንሱት፣ ባትሪ ለመቆጠብ ካርዱን የሚያጠፋው እሱ ነው። መብራት ድንገት ሊሄድ ስለሚችል በናታችሁ ባትሪው ሳይሞላ አትጀምሩ።