መታወቂያ ይዞ ሄዶ ሳይመርጡ መመለስ፦ ከከተማው ጫፍ የማያቸው ስህተቶች

በአዲስ አበባ ጫፍ፣ ከአያት ወዲያ ባሉት ኮንዶሚኒየሞች አካባቢ በምርጫ አስፈጻሚነት ሠርቻለሁ። መራጭ መዝግቤአለሁ፤ የድምፅ መስጫው ቀንም ቆሜ መታወቂያ አይቻለሁ። እዚህ አካባቢ ሰው ድምፁን የሚያጣው አብዛኛውን ጊዜ ከምርጫው ቀን ብዙ ሳምንት ቀድሞ ነው። ምዝገባ ላይ፣ በመታወቂያ የተነሳ። ያንኑ ስህተት ደጋግሜ ስላየሁ ልጻፈው አልኩ።

ኑሮ አያት፣ መታወቂያ አራዳ

ትልቁ ይሄ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልናገር።

የምርጫ አዋጁ፣ ቁጥር 1162/2011፣ ለመመዝገብ የሚጠይቀው ብዙ አይደለም። ኢትዮጵያዊ መሆን፣ በምዝገባው ቀን 18 ዓመት መሙላት፣ በምርጫ ክልሉ ውስጥ ቢያንስ ስድስት ወር መኖር። በከተማው ጫፍ ሰው የሚወድቀው ሦስተኛው ላይ ነው። ኮንዶሚኒየም ደርሶት ወይም ሰፈሩ ፈርሶ ከመሀል ከተማ ወጥቷል። ልጆቹ እዚሁ ይማራሉ፤ ዕቁቡም ዕድሩም እዚሁ ነው። መታወቂያው ግን አሁንም የድሮውን ወረዳና የድሮውን የቤት ቁጥር ይዟል። ቤቱ ከፈረሰ ቆይቷል፤ ወረቀቱ ላይ ግን አሁንም እዚያ ይኖራል።

ለምን አልቀየርክም ስትሉት መልስ አያጣም። «እዚያ ማህደሬ አለ።» «የሸማቾቹ ኩፖን ይቀርብኛል።» «መሸኛ ካወጣሁ በኋላ እዚህ ባይቀበሉኝስ? ከሁለቱም ልውጣ?» የመጨረሻውን ፍርሃት በደንብ እረዳዋለሁ። መሸኛ ለመውሰድ የድሮውን መታወቂያ መመለስ አለ። አዲሱ ወረዳ ስትሄዱ ደግሞ «ዛሬ ሲስተም የለም» ይባላል። ነገ ስትመጡ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው። በመሀል ያለ መታወቂያ መቆየት ማንንም ያስፈራል። እሱን የሚጠይቅ ቦታ ብዙ ነው።

ግን ውጤቱን ተመልከቱት። ምዝገባ ሲከፈት ሰውየው እኛ ጋ ይመጣል፤ መታወቂያው የዚህ ነዋሪ መሆኑን አያሳይም። «ሂድና እዚያ ተመዝገብ» የሚለው ጎረቤት አይጠፋም። እዚያ ሄዶ ቢመዘገብ ደግሞ በማይኖርበት ክልል ነው፤ ሕጉ የጠየቀውን አላሟላም። ከዚያ የምርጫው ቀን በጠዋት ሁለት ታክሲ ይዞ መሀል ከተማ መውረድ አለበት። ብዙው ሰው ሁለቱንም ይተወዋል። ውሃው የሚመጣለት፣ መንገዱ የሚሠራለት፣ ትምህርት ቤቱ የሚከፈትለት እዚህ ነው። እዚህ የሚወክለውን ሰው ሳይመርጥ ይቀራል። ይሄ ያናድደኛል፤ የሚያናድደኝም ሰዎቹ ግድ የሌላቸው ስላልሆኑ ነው።

ምክሬ አንድ ነው። መሸኛውን ምርጫ በማይወራበት ጊዜ አውጡ። ያኔ ወረፋው አጭር ነው፤ ሠራተኛውም ይሰማችኋል። የድሮውን መታወቂያ ከመመለሳችሁ በፊት አዲሱ ወረዳ ምን ምን ሰነድ እንደሚጠይቅ ሄዳችሁ ጠይቁ። ካርታ ነው? ውል ነው? ስንት ፎቶ? ሁሉንም አሟልታችሁ ከያዛችሁ በኋላ መሸኛውን ተቀበሉ።

ወደ ኮዬ ፈጬና ቱሉ ዲምቱ በኩል ላላችሁ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የአዲስ አበባና የኦሮሚያ ወሰን በ2014 ዓ.ም. ሲካለል ሰፈራቸው በየትኛው በኩል እንደዋለ እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት የማያውቁ ሰዎች አሉ። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። አዲስ አበባ ከሆናችሁ ከተወካዮች ምክር ቤት ሌላ የከተማውን ምክር ቤት ትመርጣላችሁ። ሸገር ከተማ ከሆናችሁ ጨፌ ኦሮሚያን። የታክሲ ረዳቱ የሚጠራውን የሰፈር ስም አትከተሉ፤ ቤታችሁ የትኛው ወረዳ ሥር እንደሆነ ጠይቁ።

ተከራይ ነኝና አይመለከተኝም ማለት

ይመለከታችኋል። ባለ ቤት መሆን የመራጭነት መስፈርት አይደለም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ተከራይ የወረዳ መታወቂያ ለማውጣት የቤት ቁጥር ያስፈልገዋል፤ የቤት ቁጥሩ የአከራዩ ነው፤ አከራዩ ደግሞ ይፈራል። ግብር ይመጣብኛል ይላል። ወይ ደግሞ «ዛሬ መታወቂያ ያወጣ ነገ አልወጣም ይላል» ብሎ ይጠረጥራል።

በቦሌ ለሚ በኩል ፋብሪካ የምትሠራ አንዲት ወጣት ትዝ ትለኛለች። የሥራ ባጇን ከአንገቷ ሳታወልቅ ነው የመጣችው። ከክፍለ ሀገር ከመጣች ቆይታለች፤ ከጓደኞቿ ጋር ሰርቪስ ቤት ተከራይታ ትኖራለች። መታወቂያ ስንላት ባጁን ዘረጋችልን። የፋብሪካው ስም፣ የእሷ ስም፣ ፎቶዋ። ባጁ የሠራተኝነቷ እንጂ የነዋሪነቷ ማስረጃ እንዳልሆነ ነገርናት። «ፎቶዬ አለበት እኮ» አለች። አልተቆጣችም፤ በእውነት ግራ ገብቷት ነው። ፎቶው እሷ ናት፤ ይሄን ማንም አልካደም። የት እንደምትኖርና የማን አገር ዜጋ እንደሆነች ግን ባጁ አይናገርም። አከራይዋን ይዛ እንድትመጣ ነገርናት። አልተመለሰችም።

አከራዮች፣ ይሄን የምታነቡ ካላችሁ እባካችሁ። ለተከራይ ነዋሪነቱን መመስከር ቤታችሁን አሳልፎ መስጠት አይደለም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጁ፣ ቁጥር 1320/2016፣ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያስገድዳል። ስለዚህ መደበቁ ራሱ ዋጋ እያጣ ነው። ቤታችሁ ውስጥ የምትኖር ልጅ ድምፅ እንዳይኖራት የምታደርጉት እናንተ ልትሆኑ አይገባም።

«ፋይዳ አለኝ፣ ሌላ ምን ያስፈልጋል?»

ይሄን የሚሉት በተለይ ወጣቶች ናቸው፤ ጥያቄውም ጥሩ ጥያቄ ነው። ፋይዳ፣ ብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያው፣ የአሥር ጣት አሻራ፣ የዓይን አይሪስና የፊት ፎቶ ወስዶ አንድን ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ይመዘግባል። ይህ ሰው ማን ነው ለሚለው ጥያቄ ከወረዳው ወረቀት የተሻለ መልስ አለው። ግን በአዋጅ 1284/2015 መሠረት ፋይዳ የሚሰጠው ለነዋሪ ነው። በሕጋዊ መንገድ እዚህ የሚኖር የውጭ አገር ሰውም ያገኛል። ካርዱን መያዝ ብቻውን ኢትዮጵያዊ መሆንን አያረጋግጥም። በዚህ የምርጫ ክልል ስድስት ወር መኖርንም አይነግረንም።

ፋይዳችሁን ያዙ፤ ይጠቅማችኋል። የነዋሪነት ማስረጃችሁን ግን ቤት አትተዉ። የትኞቹ ሰነዶች ተቀባይነት እንዳላቸው ምርጫ ቦርድ በየምርጫው ያሳውቃል። ከቦርዱ ስሙት እንጂ ከቴሌግራም ግሩፕ አትስሙት።

የመራጭነት ካርዱን ከመታወቂያው ጋር ማምታታት

ስትመዘገቡ የሚሰጣችሁ ካርድ መመዝገባችሁን ይናገራል። መታወቂያችሁ የካርዱ ባለቤት እናንተ መሆናችሁን ይናገራል። ሁለቱንም ይዛችሁ ኑ።

ፎቶ ኮፒ፣ ስልክ ላይ የተነሳ መታወቂያ፣ «ባለቤቴ ሥራ ስለማይመቻት እኔ ልመዝገብላት» ብሎ የሚስትን መታወቂያ ይዞ መምጣት፦ ሦስቱም አይሆኑም። አንዱ ለሌላው አይመዘገብም፤ አይመርጥምም።

የዘመን አቆጣጠር

ፓስፖርት ላይ ያለው የልደት ዓመት በፈረንጅ ነው። ጀማሪ መዝጋቢ ሳያስተውል በእኛ አቆጣጠር ያነበውና የሃያ ዓመቱን ወጣት ዕድሜህ አልደረሰም ብሎ ይመልሰዋል። ወጣቱም ደንግጦ ይሄዳል። መዝጋቢዎች፣ ስሌቱን ወረቀት ላይ ጻፉት። ወጣቶች፣ ስህተት ከመሰላችሁ እዚያው ጠይቁ፤ ዝም ብላችሁ አትሂዱ።

ስምም እንዲሁ ነው። አንዱ ሰነድ ላይ «ኃይሉ»፣ ሌላው ላይ «ሀይሉ» ስለተባለ ሰውየው ሁለት ሰው አይሆንም። ከቡራዩ ወይም ከሰበታ በኩል የመጣ ሰው መታወቂያ ላይ ስሙ በቁቤ ቢሆንም ያው ሰው ነው። ጮክ ብላችሁ አንብቡት፣ ፎቶውን ከፊቱ ጋር አስተያዩ። የአባትና የአያት ስም ሲለያይ ግን ቸል አትበሉ።

ደንቡን ይዞ ሰውን መርሳት

ይሄኛው ለአዳዲስ አስፈጻሚዎች ነው። ልጆቹን እወዳቸዋለሁ። ሥልጠናውን በደብተር ይጽፋሉ፣ ገና ሳይነጋ ይደርሳሉ። ግን ስህተት እንዳይሠሩ ስለሚፈሩ ያጠራጠራቸውን ሁሉ ይመልሳሉ።

አንዲት እማማ በምርኩዝ መጡ። መታወቂያቸው በላስቲክ የተሸፈነ ነው፤ ላስቲኩ ውስጥ ውሃ ገብቶ ፎቶው ነጥቷል። የፀጉራቸው ጥቁረትና የነጠላቸው ጠርዝ ብቻ ቀርቷል። ልጁ አገላብጦ አየውና «እማማ፣ ፎቶው አይታይም፤ አይቻልም» አላቸው። እሳቸው ምንም አላሉም፤ እጃቸውን ለመታወቂያው ዘረጉ፣ ሊሄዱ። ወረፋው ነው የጮኸው። «እማማን የማያውቅ ማን አለ!»

ትክክለኛው አሠራር ሁለቱም አይደለም። ፎቶ አይታይም ብሎ መመለስም፣ ሰው ጮኸ ብሎ ማሳለፍም። የጣቢያው ኃላፊ ተጠራ። ስማቸውና የቤት ቁጥራቸው ከመዝገቡ ጋር ተመሳከረ፤ የመራጭነት ካርዳቸው ታየ፤ ፊርማቸው ታየ። የፓርቲ ወኪሎችና ታዛቢዎች ባሉበት ተቃውሞ አለ ወይ ተብሎ ተጠየቀ። አልነበረም። ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፈረ፤ እማማም መረጡ። ነገሩ ጊዜ አልወሰደም። ያጠራጠረህን ለብቻህ አትወስን ልጄ፤ ኃላፊህን ጥራ።

ሰነድ የሌለውን ሰው በአካባቢው ሰዎች ምስክርነት መለየት በምርጫ አሠራራችን ውስጥ የቆየ ነገር ነው፤ በተለይ ለገጠሩ። ከተማው እየሰፋ ያገኛቸው የቀድሞ ገበሬዎች እዚህ ጫፍ ላይ አሉ፤ አንዳንዶቹ ወረቀት ኖሯቸው አያውቅም። መመሪያው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ምን ይላል የሚለውን ከምዝገባው ቀን በፊት አንብባችሁ ያዙ። ፊቷን የሸፈነች ሴት ስትመጣ ደግሞ ሴት አስፈጻሚ ለብቻ ፎቶዋን ታመሳክር። በወረፋ ፊት «ግለጪ» አይባልም።

ፎቶ ያለው መታወቂያ ሁሉን ይፈታል ብሎ ማሰብ

ብዙ ሰው «መታወቂያው ይጥበቅ፣ ማጭበርበር ይቆማል» ይላል። መታወቂያ ማየት አስፈላጊ ነው፤ ለዚያም ነው የምሠራው። የሚያቆመው ግን አንድ ነገር ነው፦ በሌላ ሰው ስም መምረጥን። ከኮሮጆ ላይ የሚሠራን ጥፋት አይነካውም፤ ቆጠራ ላይ የሚሠራንም እንዲሁ። ለእነዚያ ታዛቢ፣ ወኪልና በር ላይ የሚለጠፍ ውጤት ያስፈልጋሉ።

ማጥበቁም ዋጋ አለው። በሰሜን አየርላንድ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መራጭ ፎቶ ያለው መታወቂያ ያሳያል። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ በግንቦት 2023 እ.ኤ.አ. የአካባቢ ምርጫ ተጀመረ። መታወቂያ ለሌለው በነፃ የሚሰጥ ሰርተፍኬት አዘጋጅተው ነበር። እንዲያም ሆኖ ቢያንስ 14,000 ያህል ሰው ከጣቢያ ተመልሶ ሳይመርጥ ቀረ። ከመራጩ ብዛት አንጻር ትንሽ ነው ይባል ይሆናል። ግን በዚያ አገር ፓስፖርትም መንጃ ፈቃድም በየቤቱ አለ። እኛ ጋ ሰርቪስ ቤት የምትኖር የፋብሪካ ሠራተኛ የሚጠየቀውን ወረቀት ለማግኘት ሦስት ሰው መለመን አለባት። ሕግ አውጪ መታወቂያ ሲጠይቅ፣ መታወቂያውን ማግኘት ቀላል የማድረግ ግዴታም አብሮ አለበት ብዬ አምናለሁ።

የመጨረሻውን ቀን መጠበቅ

በ2013ቱ ምርጫ አዲስ አበባ ላይ ምዝገባው መጀመሪያ ቀዝቅዞ ነበር፤ ቀኑም ተራዘመ። ከዚያ ወዲህ ሰው «ይራዘማል» ማለት ለምዷል። አትመኑት። የመታወቂያ ጉድለት በመጀመሪያው ሳምንት ከታወቀ ወረዳ ሄዶ ለማስተካከል ጊዜ አለ። በመጨረሻው ቀን ከታወቀ ምንም ማድረግ አንችልም።

ከተመዘገባችሁ በኋላ ደግሞ መዝገቡ ለሕዝብ ይፋ ሲሆን ሄዳችሁ ስማችሁን ፈልጉ። ይሄን የሚያደርግ ሰው በጣም ጥቂት ነው። ስማችሁ ከሌለ፣ ወይም አልመዘግብህም ከተባላችሁ፣ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁና እዚያው ጣቢያ ላለው አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ አመልክቱ። ካልረካችሁ ወደ ምርጫ ክልሉ ኮሚቴ መውሰድ ትችላላችሁ። ማመልከቻው አንድ ገጽ ቢሆን ይበቃል፦ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ የሄዳችሁበት ቀን፣ የቀረበው ሰነድና የተሰጣችሁ መልስ።