ከመስከረም እስከ ሰኔ፦ ድጋፍ የሚያገኝ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የዓመት ወጪውን እንዴት ይገምታል?

በጎጃም ገበሬ ቤት ጥሬ ገንዘብ በደንብ የሚታየው ጤፉ ተወቅቶ ገበያ ሲወጣ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው። የተማሪው ትልቁ ወጪ ደግሞ የሚመጣው በምዝገባ ሰሞን፣ እህሉ ገና ማሳ ላይ ቆሞ ሳለ ነው። ደብረ ማርቆስ፣ እንጅባራ ወይም ባሕር ዳር ገብቶ የሚማር ልጅ ጥቅምት ላይ የሚቸገረው የዓመቱ ገንዘብ ሁልጊዜ ስለሚያንሰው አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡ የሚደርሰው ወጪው ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ግምታችሁን ስትሠሩ «ስንት?» ከሚለው ጥያቄ ጎን «በየትኛው ወር?» የሚለውን አብራችሁ ጻፉ። የሚያስፈልጋችሁ አንድ ደብተር፣ እስክሪብቶና ከአንድ ነባር ተማሪ ጋር የሚደረግ የግማሽ ሰዓት ወሬ ነው።

1. ድጋፉን በዓይነት በዓይነት ለዩት

«መንግሥት ያስተምረኛል» የሚለው አነጋገር ብዙ ነገር ይሸፍናል። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመደበ ተማሪ መኝታና ምግብ ያገኛል፤ ነገር ግን ይህ በነጻ የተሰጠ አይደለም። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የወጪ መጋራት አሠራር ተማሪው ውል ይፈርማል፤ የምግቡን፣ የመኝታውንና የትምህርት ወጪውን የተወሰነ ድርሻ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ይከፍላል። ይህ ዕዳ ለዛሬው ኪስ አይቆጠርም፤ ግን በደብተሩ ጀርባ በየዓመቱ ይመዝገብ፤ የተፈረመበት ቅጽ ቅጂም ይቀመጥ።

ሁለተኛው ዓይነት በእጅ የሚገባ ገንዘብ ነው። ከግቢው ካፌ መመገብ ትቶ «ነን ካፌ» የሆነ ተማሪ የምግቡን ተመን በብር ይወስዳል። የቀን ተመኑ ለዓመታት በጣም ዝቅተኛ ሆኖ ቆይቶ በ2017 ዓ.ም. ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። በሠላሳ ቀን ሲታሰብ 3,000 ብር ማለት ነው። ሦስተኛው የልዩ ልዩ ሰው እጅ ነው፦ ለችግረኛ ተማሪዎች የሚሰጥ የኪስ ገንዘብ፣ በአዲስ አበባ ወይም በውጭ አገር ያለ ዘመድ የሚልከው፣ ወላጅ የሚቆርጠው። ለችግረኛ ተማሪ የሚሰጠው ድጋፍ ብዙ ጊዜ የቀበሌ ማስረጃ ስለሚጠይቅ ወረቀቱን ከአገር ቤት ሳትወጡ ያዙ፤ በኋላ ለአንድ ማኅተም ተብሎ የሚከፈለው የመኪና ዋጋ የድጋፉን ግማሽ ሊበላው ይችላል።

ለእያንዳንዱ ገቢ ሦስት ነገር ጻፉ፦ መጠኑ፣ የሚገባበት ወር፣ የሚቋረጥበት ምክንያት። ውጤት ሲያንስ ይቆማል? በሴሚስተር ዕረፍትና በክረምት ይከፈላል? የምትተማመኑበት አንድ ደንብ ልንገራችሁ፦ በወሩ መጨረሻ ይገባል የተባለን ገንዘብ ለዚያው ወር ወጪ አትመድቡት፤ ለቀጣዩ መድቡት። ክፍያ የሚዘገይበት ወር አይጠፋም፤ ዘግይቶ ሲመጣም የሁለት ወር አንድ ላይ ይሆንና ትርፍ ገንዘብ ይመስላል።

2. አንዴ የሚወጣውን ለብቻው ጻፉ

ይህ የምዝገባ ሰሞን ወጪ ነው። ቦታው ልዩነት ያመጣል። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፤ እንጅባራ ደግሞ ከዚያም ከፍ ብሎ ዝናቡና ጭጋጉ የማይለየው አገር ነው። ወደ ሁለቱ የሚሄድ ተማሪ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ጋቢና የዝናብ ጫማ ያስፈልገዋል። 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ያለው ባሕር ዳር ይሞቃል፤ እዚያ ግን አጎበር ሳይያዝ አይኬድም። ከቆላ የመጣ ልጅ ደብረ ማርቆስ ደርሶ ብርድ ልብስ ለመግዛት ሲቸኩል የሚከፍለው ከአገሩ ገበያ ተረጋግቶ ከሚገዛው በላይ ነው።

አንሶላ፣ ባልዲ፣ ለሎከር የሚሆን ጓጉንቸር፣ ነጠላ ጫማ፣ ጉርድ ፎቶግራፍና የሰነዶች ፎቶ ኮፒ የሁሉም ተማሪ ወጪዎች ናቸው። ካልኩሌተርና ነጭ ጋውን ግን የትምህርት ክፍላችሁ እስኪታወቅ ድረስ አትግዙ። ላፕቶፕንም በዚህ ዝርዝር ውስጥ አታስገቡት። ለእርሱ ሲባል በሬ የሸጠ ቤተሰብ አለ፤ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ግን አብዛኛውን ሥራውን በስልኩና በቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር መጨረስ ይችላል።

3. የወር ወጪን በቁጥር አስሉ

የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የመንግሥት ድጋፍ ለሚወስዱ ተማሪዎች የዓመት ወጪ ግምት ራሳቸው ያወጣሉ፤ የትምህርት ክፍያ፣ መኖሪያና ምግብ፣ መጽሐፍ፣ መጓጓዣ፣ የግል ወጪ እያሉ ይዘረዝራሉ። ድጋፉም ከዚያ ግምት እንዳያልፍ ይደረጋል። በእኛ ዘንድ ይህን ዝርዝር የሚሠራው ተማሪው ራሱ ነው። ከእነርሱ የሚወሰድ አንድ ጥሩ ነገር አለ፦ «የግል ወጪ» ብሎ ሳይፍሩ መጻፍ። ሳሙና፣ የጥርስ ሳሙና፣ ቅባት፣ ለሴት ተማሪ ሞዴስ፣ ፀጉር መቆረጥ ወይም መሠራት፣ የስልክ ጥቅል፣ ፎቶ ኮፒ፣ በየሳምንቱ ቡና። ያልተጻፈ ወጪ አይቀርም፤ ከምግብ ላይ ይወሰዳል።

የካፌ ተማሪ ምግቡ ስለተሸፈነ የሚጠነቀቀው ከላውንጅ፣ ማለት ሻይና ምግብ በገንዘብ ከሚሸጥበት የግቢው ቤት ነው። ማታ ማታ ለጥናት ሲወጣ የሚጠጣው ሻይና የሚቆረሰው ዳቦ፣ ካፌው ያልጣመው ቀን ደግሞ ሽሮው ወይም ፓስታው ይቆጠራል። በሳምንት ስንት ቀን እንደምትገቡ በሐቅ ጻፉና በአራት አባዙት።

ነን ካፌ ለመሆን ያሰበ ግን ከመወሰኑ በፊት ቁጭ ብሎ ያስላ። የሚከተሉት ዋጋዎች ለስሌት እንዲመቹ የተቀመጡ ናቸውና በምትኖሩበት ከተማ ዋጋ ተኩዋቸው። ግቢ ውስጥ በምድጃ ማብሰል ስለማይፈቀድ ነገሩ የሚሆነው አንድ ክፍል ተከራይተው አብረው ለሚያበስሉ ሦስት ጓደኞች ነው እንበል።

እንጀራ፦ በቀን ሁለት፣ አንዱ 20 ብር፣ ለሠላሳ ቀን 1,200 ብር። የወጥ ወጪ፦ ሽሮ፣ ምስር፣ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ በርበሬና ከሰል ተደምሮ ለሦስቱ 2,700፤ ለአንድ ሰው 900 ብር። ቁርስ፦ ሻይና ዳቦ በቀን 25 ብር፣ በወር 750 ብር። ድምሩ 2,850 ብር ይሆናል። ከ3,000 ብሩ የሚተርፈው 150 ብር ነው፤ የቤት ኪራዩ፣ ውኃና መብራቱ፣ ሳሙናውና ስልኩ ገና አልተነካም።

አሁን እንጀራው በ5 ብር ይጨምር። በቀን ሁለት፣ ለሠላሳ ቀን 300 ብር ነው። የተረፈው 150 ብር ወደ 150 ብር ጉድለት ተለወጠ። ጤፍ ደግሞ ምርት በሚገባበት በጥርና ክረምት ሊገባ ሲል በግንቦት አንድ ዋጋ አይኖረውም። ስለዚህ የሁለተኛውን ሴሚስተር ምግብ በመጀመሪያው ሴሚስተር ዋጋ አትገምቱ፤ ጨመር አድርጋችሁ ያዙ።

ይህን ስሌት የሚያቃናው ስንቅ ነው። ከቤት የመጣ በሶ የቁርሱን 750 ብር ለስኳር ብቻ ወደሚሆን 200 ብር ካወረደው 550 ብር ይተርፋል። ሽሮና በርበሬ ከእናት ጓዳ ከመጡ የወጡም ድርሻ ይቀንሳል። እናቶች ሲሸኙ ድርቆሽና ዳቦ ቆሎ የሚያሸክሙት ለናፍቆት ብቻ አይደለም። ሆኖም ስንቁ ቤተሰቡን ምንም እንዳላስወጣው አድርጋችሁ አትቁጠሩ፤ ዋጋውን ገምታችሁ በገቢ በኩል ጻፉት። አለበለዚያ ስንቁ ያለቀበት ወር ድንገተኛ ይሆንባችኋል።

ክፍል ስትከራዩ የመጀመሪያውን ወር ብቻ ሳይሆን ቅድሚያ የሚጠየቀውን የወራት ክፍያና የደላላውን ድርሻ ጠይቁ። በክረምት ዕቃችሁን ለማስቀመጥ ኪራይ ትከፍላላችሁ ወይስ ለቃችሁ ትወጣላችሁ የሚለውንም ከመግባታችሁ በፊት ተነጋገሩ።

4. መንገድና በዓል

ከቢቸና ወይም ከሞጣ ደብረ ማርቆስ የሚመላለስና ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር የሚሄድ አንድ አይደሉም። በዓመት የግድ የምትሄዱትን ቆጥራችሁ ጻፉ፤ ለብዙ ተማሪ መግቢያው፣ የሴሚስተሩ ዕረፍትና መውጫው ናቸው። ገናና ፋሲካን ቤት ማሳለፍ ከፈለጋችሁ ያንን ለብቻው በሌላ መስመር አስፍሩ፤ ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚሰረዘው እርሱ ነው። በበዓል ዋዜማ መናኸሪያ ውስጥ ከታሪፍ በላይ እንደሚጠየቅ፣ ለጆንያና ለሻንጣም ለብቻው እንደሚከፈል አትርሱ። ከመናኸሪያው እስከ ግቢ ያለው የባጃጅ ኮንትራትም አለ።

መንገድ የሚዘጋበትና ኔትወርክ የሚጠፋበት ቀን በአካባቢያችን እንግዳ ነገር አይደለም። ገንዘባችሁ ሁሉ በቴሌብር ወይም በባንክ ብቻ አይሁን፤ ቢያንስ የሁለት ሳምንት ምግብ የሚገዛ ጥሬ ብር በእጅ ይኑር።

5. የትምህርት ክፍሉን ወጪ ከቀደሙት ጠይቁ

ይህን የሚያውቀው ነባር ተማሪ ብቻ ነው። ለተግባር ልምምድ ሌላ ከተማ የሚላክ አለ፤ ፕሮጀክት የሚሠራ አለ፤ በየሳምንቱ ሪፖርት የሚያሳትም አለ። የመጨረሻ ዓመት ደግሞ የጥናቱ ኅትመትና ጥራዝ፣ የምረቃ ልብስ፣ የፎቶግራፍና የመጽሔት መዋጮ በአንድ ሰሞን ይከመራሉ። ለምረቃ ሙሉ ልብስ ሲባል ከሱቅ ዱቤ መግባት አላስፈላጊ ነው እላለሁ፤ ከላይ ጋውን ይደረባል፤ ሸሚዝና ክራባት ይበቃል። የወላጆቻችሁን የመምጫ ትራንስፖርት ግን ከወዲሁ ያዙላቸው።

6. አሁን በወራት ላይ አስቀምጡት

በደብተሩ ላይ ከመስከረም እስከ ሰኔ አሥር ዓምድ አስምሩ። ከላይ ገቢ፣ ከታች ወጪ፣ ከሥር ልዩነቱ፤ ልዩነቱም ወደ ቀጣዩ ወር ይዙር።

አንድ የካፌ ተማሪ እንውሰድ፤ ቁጥሮቹ አሁንም ምሳሌ ናቸው። የወር ወጪው 900 ብር፣ በአሥር ወር 9,000። የመግቢያ ዕቃ 4,000። ሁለት የደርሶ መልስ ጉዞ 2,400። የኅትመትና የትምህርት ክፍል ወጪ በሴሚስተር 800፣ በዓመት 1,600። ድምሩ 17,000፤ አሥር በመቶ መጠባበቂያ ሲጨመር 18,700 ብር። ገቢው፦ ከችግረኛ ተማሪዎች ድጋፍ በወር 500፣ አዲስ አበባ ካለ ወንድሙ በወር 600፣ ቤተሰቡ ጤፍ ሲሸጡ በጥር 8,000። በዓመት 19,000 ብር ነው። በዓመቱ ድምር ይህ ልጅ ችግር የለበትም፤ 300 ብር እንኳ ይተርፈዋል።

መስከረምን ለብቻው እንየው። ወጪው የመግቢያ ዕቃ 4,000፣ የወሩ 900፣ መሄጃ 600፣ በድምሩ 5,500 ብር፤ ገቢው 1,100 ብር። 4,400 ብር ጎደለ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በየወሩ 200 ብር ቢተርፈውም የሴሚስተሩ 800 ብር ሲወጣ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ጉድለቱ 4,600 ነው። የጥር ወሩ 8,000 እስኪደርስ ይህን ክፍተት የሚሞላ ነገር መፈለግ አለበት፤ በሌላ አነጋገር ልጁ የሚፈልገው ተጨማሪ ገንዘብ ሳይሆን ቀደም ብሎ የሚመጣ ገንዘብ ነው።

ይህን ወረቀት ይዛችሁ በሐምሌ ከአባትና ከእናታችሁ ጋር ተቀመጡ። በግ ጥሩ የሚያወጣው ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ነው፤ ስለዚህ የመግቢያውን ወጪ በግ ይሸፍነው፤ ጤፉ ለጥር ይቆይ። ጎተራ ውስጥ የቀረ እህል ካለም በነሐሴ የሚያወጣው ዋጋ በጥር ከሚያወጣው የተሻለ ነው። ባሕር ዛፍ ያለው ቤት ደግሞ ወቅት ሳይጠብቅ መሸጥ ይችላል። ይህ ሁሉ ከሌለ ከዘመድ መበደርን አትፈሩ፤ ነገር ግን «በጥር ይህን ያህል እመልሳለሁ» ብላችሁ ወረቀቱን አሳዩ። የሚመለስበት ወር የተነገረው ሰው ገንዘቡን ለመስጠት አይከብደውም። ከዶርም ጓደኞች ጋር ዕቁብ መግባትም መልካም ነው፤ ዕጣው መቼ እንደሚደርሳችሁ ስለማይታወቅ ግን ለምዝገባ ወይም ለኪራይ አትተማመኑበት። ተራ በስምምነት የሚሰጥበት ዕቁብ ካገኛችሁ ግንቦትን ጠይቁ፤ ከቤት የመጣው ያለቀበት፣ ኅትመቱና የመመለሻው መኪና የተደራረበበት ወር ነው።

7. በየሳምንቱ እሑድ ማታ

ያወጣችሁትን ከገመታችሁት ጎን ጻፉ። በየቀኑ መጻፍ ለአንድ ወር ይሞከራል፤ ከዚያ ይሰለቻል። ሳምንታዊው ይበቃል፤ በቴሌብር የከፈላችሁትንም የስልኩ ታሪክ ይነግራችኋል። ከሁለት ወር በኋላ ግምቱን አንድ ጊዜ አስተካክሉት። መጠባበቂያው የተነካበትን ቀንና ምክንያት በቀይ አስምሩ፤ ሕመም፣ የጠፋ መታወቂያ ወይም የተሰበረ ስልክ ከሆነ ሥራውን ሠርቷል፤ የጓደኛ ልደት ከሆነ ወደ «የግል ወጪ» አዛውሩትና መጠባበቂያውን ሙሉት።

ሰኔ ላይ ስትወጡ ደብተሩ ከሻንጣው ሥር እንዳይቀር። የቀጣዩ ዓመት ካፌ ወይም ነን ካፌ ምርጫ በምዝገባ ላይ ሲጠየቅ ለማሰብ ጊዜ የለም፤ ሰልፉ ረጅም ነው። የእንጀራው፣ የወጡና የቁርሱ ድምር ከክፍያው በላይ ከሆነ መልሱ እዚያው ገጽ ላይ ተጽፏል።