ቅዳሜና እሁድን በበረዷማዋ ኩቤክ ሲቲ እንዴት ማሳለፍ ይቻላል

ኩቤክ ሲቲ በዊንተር ብርድ ናት፤ እውነቱን መደበቅ አያስፈልግም። በጃንዋሪ አማካዩ ከዜሮ በታች 12 ዲግሪ ገደማ ነው። ከሴንት ሎረንስ ወንዝ ነፋስ ሲነሳ ደግሞ ይብሳል። ሆኖም የከተማው ሰው ቤቱን ዘግቶ አይቀመጥም፤ በረዶው ላይ ይጫወታል። እናንተም እንደሱ አድርጉ፦ በእግር ዙሩ፣ ሲበርዳችሁ ካፌ ግቡ፣ ሞቅ ሲላችሁ ውጡ።

መጀመሪያ ቀን ምረጡ። ከጃንዋሪ መጨረሻ እስከ ፌብሯሪ አጋማሽ የዊንተር ካርኒቫሉ አለ። የመጀመሪያው የተካሄደው በ1894 ሲሆን፣ ከ1955 ወዲህ ግን ቋሚ በዓል ሆኗል። ቀይ ኮፍያ ያደረገው የበረዶ ሰው ቦኖም ከልጆች ጋር ፎቶ ይነሳል፤ ቀዛፊዎች በወንዙ ላይ በሚንሳፈፈው በረዶ ጀልባቸውን እየገፉ ይወዳደራሉ። በዚያ ሰሞን ሆቴል ስለሚወደድ ቀደም ብላችሁ ያዙ። ግርግር የማይወድ ሰው ሌላ ሳምንት ይምረጥ።

ከዚያ ጉዞው። ከሞንትሪያል 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ባቡሩ ከሦስት ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። የምትወርዱት «ጋር ዱ ፓሌ» የሚባለው ጣቢያ ነው። ሴንት ፎይ ላይ እንዳትወርዱ፤ እሱ ከአሮጌው ከተማ ሩቅ ነው። መኪና ለምትይዙ፣ በኩቤክ የተመዘገበ መኪና ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 15 የበረዶ ጎማ ግዴታው ነው። ማታ ብርቱካናማ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል ካያችሁ በረዶ ሊጠረግ ነው፤ መንገድ ላይ የቆመ መኪና ይነሳል። ለኔ መኪናው ከጥቅሙ ጣጣው ይበዛል። ከአሜሪካ የምትመጡ ግሪን ካርድ ካላችሁ የካናዳ ቪዛ አያስፈልጋችሁም፤ ግን ግሪን ካርዱን ከፓስፖርቱ ጋር ያዙ።

አለባበስ ላይ አትሳሳቱ። አንድ ወፍራም ካፖርት ብቻውን አያድናችሁም። ከውስጥ ሰውነት ላይ የሚጣበቅ ቴርማል፣ ከላዩ የሱፍ ሹራብ፣ ከዚያ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት ደርቡ። የጥጥ ካልሲ ላብ ይዞ ይቀዘቅዛልና የሱፍ ይሁን። ጫማችሁ ውሃ የማያስገባ፣ ለወፍራም ካልሲ ቦታ ያለው ይሁን። ለሚያንሸራትት መንገድ ጫማ ላይ የሚጠለቅ ባለጥርስ ጎማ ግዙ። ስልካችሁን የውስጥ ኪስ ውስጥ አድርጉት፤ ብርድ ባትሪ ይበላል።

ቅዳሜን ከላይኛው ከተማ ጀምሩ። 4.6 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው የጥንት ግንብ ዛሬም ከተማዋን ከቦ ቆሟል፤ አሮጌው ከተማም በ1985 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ማዘጋጃ ቤቱ ያለበት ቦታ ድሮ በ1635 የተመሠረተው የየሱሳውያን ኮሌጅ ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ1950 የተከፈተውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመሩትም ካናዳዊ የየሱሳውያን ካህን ነበሩ፤ ዶክተር ሉሲየን ማት። የአዲስ አበባ ልጅ እዚያ ሲያልፍ ቢያስታውሳቸው ደስ ይላል።

ወደ ሻቶ ፍሮንትናክ ሂዱ፤ በ1893 የተከፈተ ሆቴል ነው። አጠገቡ ያለው የእንጨት መንሸራተቻ ከ1884 ጀምሮ ያለ ነው። ተንሸራታቹን ራሳችሁ ጎትታችሁ ትወጣላችሁ፣ ከዚያ በሰዓት እስከ 70 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ቁልቁል ትወርዳላችሁ። ልጆች ይጮኻሉ፤ አዋቂዎች ይብሳሉ።

ወደ ታችኛው ከተማ «አንገት ሰባሪ» የሚባል ደረጃ አለ። በረዶ ካለው ተዉት፤ ከ1879 ጀምሮ ገደሉን የሚወጣና የሚወርድ ፉኒኩላር አለላችሁ። ከታች የፔቲ ሻምፕላን ጠባብ መንገድና ፕላስ ሮያል ናቸው፤ ሳሙኤል ደ ሻምፕላን በ1608 ከተማዋን የቆረቆረው እዚሁ ነው። ፀሐይ በጃንዋሪ በፈረንጅ ሰዓት ከ5 በፊት ትጠልቃለች። ልክ ሲመሽ ወደ ሌቪ የሚሻገረውን ጀልባ ያዙ። 12 ደቂቃ ያህል ነው፤ በረዶውን እየሰበረ ይሄዳል። መብራት የበራበትን ከተማ ከወንዙ ላይ እንደማየት ያለ ነገር የለም፤ ለጥቂት ዶላር!

እራት ላይ ፑቲን ቅመሱ፦ የተጠበሰ ድንች፣ አይብና ትኩስ መረቅ። ሆድ ይሞላል፣ ለብርዱ ጥሩ ነው። ጾመኛ የሆነ ሰው በንጹህ በረዶ ላይ የሚፈሰውን የሜፕል ከረሜላ ይጠይቅ፤ ከዛፍ ፈሳሽ ነው የሚሠራው። ሂሳብ ሲመጣ ታክሱ 15 በመቶ ገደማ ይጨመርበታል፣ ቲፕም አለ። ሱቅም ሆነ ካፌ ስትገቡ «ቦንዡር» በሉ፤ ከዚያ በእንግሊዝኛ ብትቀጥሉ ቅር የሚለው ሰው ብዙም የለም።

እሁድ ጠዋት በታክሲ ወደ ሞንሞረንሲ ፏፏቴ። ቁመቱ 83 ሜትር ነው፤ ከናያግራ በ30 ሜትር ይበልጣል። የሚረጨው ውሃ እየቀዘቀዘ ከሥሩ የነጭ በረዶ ጉብታ ይሠራል። የበረዶ ሆቴሉን ማየት የምትፈልጉ ቫልካርቲየ ድረስ ግማሽ ሰዓት ያህል ትነዳላችሁ። በረዶ አልጋ ላይ ማደር ለሚወድ ይሁን፤ ለኔ የቀን ጉብኝቱ ይበቃል። ሁለቱንም በአንድ እሁድ አትሞክሩ።

ለመመለሻ ትኬት ስትቆርጡ ደግሞ የመጨረሻውን ባቡር አትመኩበት። በረዶ ሲበዛ ይዘገያል፤ ሰኞ ጠዋት ሥራ ያለበት ሰው ከሰዓት በኋላ ያለውን ይያዝ።