ረቂቁ ሳይጸድቅ ድረሱበት

ሕግ ከወጣ በኋላ የሚሰማው እሮሮ ብዙ ነው፤ ከመውጣቱ በፊት በጽሑፍ የሚገባው ሐሳብ ግን ጥቂት ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 መሠረት ዜጎች በሚነካቸው ፖሊሲ ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ መጠየቅ መብታቸው ነው። ይህን መብት ሥራ ላይ ለማዋል ከ5 እስከ 7 ሰው ያለው የወጣቶች ቡድን ይበቃል።

መጀመሪያ ሐሳባችሁን የምታስገቡበትን በር ለዩ። ረቂቁ አዋጅ ከሆነ መንገዱ አራት ኪሎ፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። መመሪያ፣ ማለትም የአዋጁን አፈጻጸም በዝርዝር የሚወስን ሕግ ከሆነ፣ የሚያወጣው መሥሪያ ቤት ነው። ብዙ ወጣቶች ዓይናቸውን አዋጅ ላይ ብቻ ይተክላሉ፤ ብድር ማን ያገኛል፣ ምን ማስረጃ ይቅረብ የሚለው ዝርዝር ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለው መመሪያው ውስጥ ነው። በፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መሠረት ረቂቅ መመሪያ ሲወጣ ለአስተያየት የሚሰጠው ጊዜ ከ15 የሥራ ቀን ሊያንስ አይችልም። ሦስት ሳምንት ማለት ነው። ስለዚህ ከቡድኑ አንድ ሰው የመሥሪያ ቤቶቹን ድረ ገጽና የጋዜጣ ማስታወቂያ በየሳምንቱ ይከታተል። የመጀመሪያው ሳምንት ለንባብ፣ ሁለተኛው ለጽሑፍ፣ ሦስተኛው ለማስገባት ይሁን። መሰብሰቢያ ቦታ ያጣ ቡድን እዚያው አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለለት።

ጽሑፉ ላይ ጊዜ ውሰዱ፤ አብዛኛው ቡድን የሚወድቀው እዚህ ነው። «ወጣቶች ተጠቃሚ እንዲሆኑ ትኩረት ይሰጥ» ብሎ የጻፈ ቡድን ምንም አልጠየቀም፤ ረቂቁን የሚያርመው ባለሙያ ይህን የት ጋ ያስገባዋል? ባለ አራት ዓምድ ሰንጠረዥ ሥሩ፦ የአንቀጹ ቁጥር፣ አሁን የሚለው፣ እንዲሆን የምትፈልጉት ቃል በቃል፣ ምክንያቱ። ለምሳሌ ረቂቁ «አመልካቹ የ2 ዓመት የሥራ ልምድ ማስረጃ ያቀርባል» ቢል፣ ማሻሻያው «የ2 ዓመት የሥራ ልምድ ማስረጃ ወይም የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ያቀርባል» ይሆናል። ምክንያቱ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይለቅ፦ ገና የተመረቀ ሰው የሥራ ልምድ ሊኖረው አይችልም፤ ሙያውን መቻሉን ግን በምዘና ሊያሳይ ይችላል። ከሦስት አንቀጽ በላይ አትንኩ፣ ከሁለት ገጽም አትለፉ።

ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ይዛችሁ መዝገብ ቤት ግቡ። አንዱን አስገቡ፤ ሌላው ላይ የገባበትን ቀን፣ ቁጥርና ማኅተም አስደርጉ። ጸሐፊ ጠረጴዛ ላይ ትታችሁ ወይም በቴሌግራም ልካችሁ ከቀራችሁ፣ በሳምንቱ «አልደረሰንም» ስትባሉ የምታሳዩት የላችሁም።

አዋጅ ሲሆን ረቂቁ ለዝርዝር እይታ ጉዳዩ ለሚመለከተው የምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ እንደተመራ በዚያው ሰሞን ለኮሚቴው ጻፉ፤ ሰንጠረዡን አያይዙ፣ በውይይት መድረኩ ላይ እንድትገኙም ጠይቁ። እስክትጠሩ አትጠብቁ። መድረኩ ላይ ምስጋናውን አሳጥራችሁ በቀጥታ ከአንቀጹ ቁጥር ጀምሩ።

ሕጉና በጀቱ ሥራ ላይ መዋሉን መቆጣጠር ደግሞ የቀን መቁጠሪያ ይፈልጋል። ምክር ቤቱ የሚሠራው ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ነው፤ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። የሚመለከተው ሚኒስቴር የአፈጻጸም ሪፖርቱን ለቋሚ ኮሚቴው ከማቅረቡ በፊት ጥያቄያችሁ በአባላቱ እጅ መግባት አለበት። ለዚያ መረጃ ያስፈልጋል፦ ለወጣቶች ፕሮግራም የተመደበው ስንት ነው፣ ሥራ ላይ የዋለውስ? በመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት ይህን ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት በጽሑፍ ጠይቁ። ለምን እንደፈለጋችሁት የማስረዳት ግዴታ የለባችሁም፤ መልስ መስጫው 30 ቀን ነው። ስለዚህ ሪፖርቱ ከሚቀርብበት ቢያንስ ሁለት ወር ቀድማችሁ ጀምሩ። ቢከለክሏችሁ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት በሉ፤ ማኅተም ያረፈበት ቅጂያችሁ ማስረጃ ይሆናል።

መመሪያው ሲወጣ ከሰንጠረዣችሁ ጋር አስተያዩት። የፍትሕ ሚኒስቴር የምዝገባ ቁጥሩንም ጠይቁ፤ ያልተመዘገበ መመሪያ ተፈጻሚነት የለውም።