የጥንት የአውስትራሊያ ፉትቦል ተጫዋችን የኳስ ዘመን ከጋዜጣ መልቀም

የ1890ዎቹን የአውስትራሊያ ፉትቦል (በሞላላ ኳስ የሚጫወቱት፣ ከእግር ኳስ የተለየ ጨዋታ ነው) ተጫዋች ታሪክ ለመጻፍ የተነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከተዘጋጀ የስታትስቲክስ ሰንጠረዥ ነው። ሰንጠረዡ መነሻ ይሁናችሁ እንጂ መድረሻ አታድርጉት። የቪክቶሪያ ፉትቦል ሊግ ውድድሩን የጀመረው በ1897 ስለሆነ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አብዛኞቹ ሰንጠረዦች ከዚያ በፊት ያለውን አይቆጥሩም። አልበርት ቱርጉድ ከ1892 እስከ 1894 በኤሰንደን ክለብ ማሊያ የገነነው በቀድሞው የቪክቶሪያ ፉትቦል አሶሲዬሽን ውድድር ነው፤ በ1895 ደግሞ ወደ ምዕራብ አውስትራሊያ፣ ፍሪማንትል ሄደ። የሊጉን ሰንጠረዥ ብቻ ያየ ሰው የዚህን ድንቅ ጎል አግቢ ምርጥ ዓመታት ጨርሶ አያያቸውም።

ስለዚህ ጨዋታ በጨዋታ ሂዱ። ኤክሴል ክፈቱና ለእያንዳንዱ ጨዋታ አንድ መስመር ስጡ፦ ቀን፣ ተጋጣሚ፣ ሜዳ፣ ስሙ የተጻፈበት መንገድ፣ ያገባው ጎል፣ ጋዜጣውና ገጹ። የስሙን አጻጻፍ ዓምድ እንዳትዘሉት፤ ኋላ የሚያድናችሁ እሱ ነው።

ጋዜጦቹን የአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ትሮቭ በተባለው ድረ ገጹ በነፃ ያስነብባል። ዘ አርገስን፣ ዘ ኤጅንና ሳምንታዊውን ዘ አውስትራሌዥያን አስቀድሙ። ጨዋታ በአብዛኛው ቅዳሜ ስለነበር ለእያንዳንዱ ጨዋታ ሁለት እትም ፈልጉ፦ አርብ ወይም ቅዳሜ የወጣውን የተመረጡ ተጫዋቾች ዝርዝርና የሰኞውን ዘገባ። የሊጉ የመጀመሪያ ጨዋታዎች የተደረጉት ሜይ 8 ቀን 1897 ነው፤ ዘገባቸውን በሜይ 10 እትም ታገኛላችሁ። መመረጥ ግን መጫወት አይደለም። የታመመ ወይም ከሥራ መውጣት ያልቻለ ሰው ስሙ ታትሞ እሱ ይቀራል። «ተመርጧል» እና «ተጫውቷል» ሁለት የተለያዩ ዓምዶች ይሁኑ።

ፍለጋው ባዶ ከመለሰ ተጫዋቹ የለም ብላችሁ አትደምድሙ። የጋዜጦቹን ገጽ ፊደል ለፍለጋ የለየው ማሽን ስለሆነ ይስታል፤ በእንግሊዝኛው ፊደል አር እና ኤን ሲጠጋጉ ኤም ይመስሉታል፣ «በርንስ» «በምስ» ሆኖ ይመዘገባል። በተጫዋቹ ስም ፋንታ በሁለቱ ክለቦች ስምና በቀኑ ፈልጉ፣ ከዚያ ገጹን በዓይናችሁ አንብቡ።

ትልቁ ፈተና ማንነት ነው። ጋዜጦቹ ብዙ ጊዜ የሚጽፉት የቤተሰብ ስም ብቻ ነው፤ በሊጉ የማሊያ ቁጥር በቋሚነት የመጣው ገና በ1912 ነው። ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ክለብ ካሉ ጎሉ ለየትኛው እንደሆነ ዘገባው ላይነግራችሁ ይችላል። እንዲህ ያለውን መስመር ክፍት ተዉት፤ በግምት የሞላችሁት ሌሎች እየገለበጡት እውነት ሆኖ ይቀራል።

ውጤት ስታነቡም ዓመቱን እዩ። ከ1897 በፊት አሸናፊውን የሚወስነው ጎል ብቻ ነበር፤ ቢሃይንድ (ኳሷ ከጎሉ ቋሚዎች ጎን ባለው ክፍተት ስታልፍ የሚቆጠረው) ቢመዘገብም ዋጋ አልነበረውም። በ1890 ሕግ 6 ጎልና 3 ቢሃይንድ ያለው ቡድን 5 ጎልና 12 ቢሃይንድ ያለውን ያሸንፋል። ከ1897 ጀምሮ ግን ጎል 6፣ ቢሃይንድ 1 ነጥብ ስለሆነ ያው ቁጥር 39 ለ42 ይሆንና ተሸናፊው አሸናፊ ይሆናል።

ድምራችሁንም በጣሪያ ፈትኑት። በ1897 ሊጉ 14 ዙር ነበረው፤ ለማጠቃለያው ያለፉት አራቱ ክለቦች 3 ጨምረው ተጫውተዋል። ለአንድ ሰው ከ17 በላይ ከቆጠራችሁ ስመ ሞክሼ ገብቶባችኋል፣ ወይም የወዳጅነት ጨዋታ ቆጥራችኋል።

በ1916 ስሙ ቢጠፋ ጫማ ሰቀለ አትበሉ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት በዚያ ዓመት የተወዳደሩት ካርልተን፣ ኮሊንግውድ፣ ፊትዝሮይና ሪችመንድ ብቻ ናቸው። ዘምቶ ከሆነ በአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት፣ የዚያ ጦርነት ወታደሮች ፋይሎች በተሰበሰቡበት ተከታታይ ቢ2455 (B2455) ውስጥ ፋይሉን ፈልጉ። የምዝገባ ቅጹ ዕድሜውን፣ ሙያውንና የቅርብ ዘመዱን ስም ይይዛል። ዕድሜውን የዋሸ ወታደር ብዙ ስለሆነ ለማመሳከር የዘመዱን ስምና አድራሻ አስቀድሙ።